ዊኪፔዲያን ከተርሚናል ለመፈለግ፦ ደሴ ላለው ጠያቂያችን

ወንድማለም፣ «ላፕቶፔ አሮጌ ነው፤ ብሮውዘር ስከፍት ይንቀራፈፋል፣ ጥቅሉም ቶሎ ያልቅብኛል፤ ዊኪፔዲያን ከተርሚናል መፈለግ ይቻላል ወይ?» ብለህ ጠይቀሃል። አዎ፣ ትእዛዝ በጽሑፍ ከሚሰጥበት መስኮት፣ ከተርሚናል፣ በደንብ ይቻላል። እኔም ኮምቦልቻ ሆኜ የምጠቀመው እንደዚያ ነው።

ቀላሉ ሊንክስ ነው። ከ1992 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለ፣ ጽሑፍ ብቻ የሚያሳይ ብሮውዘር። ምስል ስለማያወርድ ብዙ ዳታ ይተርፍሃል።

እኔ ግን ከርልን (curl) እመርጣለሁ፤ በአንድ ትእዛዝ ከኢንተርኔት መረጃ የሚያመጣ ፕሮግራም ነው። ዊኪፔዲያ ፕሮግራሞች መረጃ እንዲጠይቁበት የከፈተው በር፣ ኤፒአይ፣ አለው። «ኦፕንሰርች» የሚባለው የርዕሶች ዝርዝር ይሰጥሃል። «ኤክስትራክትስ» ደግሞ ከፈለግህ የጽሑፉን መግቢያ ብቻ ያመጣል። የሰገሌ ጦርነት መቼ እንደተደረገ ለማየት ሙሉ ገጽ ማውረድ ምን ያደርግልሃል?

አማርኛ ላይ ሲደርስ ነው ሰው ተስፋ የሚቆርጠው። ኮምፒውተር ፊደላትን በሚያስቀምጥበት ዩቲኤፍ 8 በሚባለው አሠራር አንዱ ፊደላችን 3 ባይት ይይዛል፤ አድራሻ ውስጥ ደግሞ እያንዳንዱ ባይት በ3 ምልክት ይጻፋል። ስለዚህ «ደሴ» አድራሻ ውስጥ ሲገባ 18 ምልክት ይሆናል። በእጅህ ለመጻፍ አትልፋ። የከርል «ዳታ ዩአርኤል ኢንኮድ» (--data-urlencode) የሚለው አማራጭ ራሱ ይቀይርልሃል። ትልቁን ጂ (-G) አብረህ ማስገባት አትርሳ፤ አለዚያ ጥያቄው አድራሻው ላይ ተጨምሮ (በጌት) ሳይሆን ለብቻው ተልኮ (በፖስት) ይሄዳል። መልሱ ሲመጣም በፊደል ፋንታ ኮድ ብቻ ልታይ ትችላለህ። አይዞህ፣ አልተበላሸም። ጄኪው (jq) በሚባለው ፕሮግራም አሳልፈው፣ አማርኛው ይመለሳል። የፈለግኸው ከጠፋም ሆሄውን ቀይረህ ሞክር፤ «ሐይቅ»ን በሀ የሚጽፍ ብዙ ነው።

አንዴ ከሠራልህ ትእዛዙን የተርሚናልህ ቅንብር በሚቀመጥበት ባሽ አርሲ (.bashrc) ፋይል ላይ በአጭር ስም አስቀምጠው።

ይህ ሁሉ ግን ኔትወርክ ሲኖር ነው። እኛ ወሎ ውስጥ ኢንተርኔት ለወራት ሲቋረጥ አይተናል። ስለዚህ ኪዊክስ (Kiwix) የሚባለውን ፕሮግራም አጥብቄ እመክርሃለሁ። ዊኪፔዲያን ዚም በሚባል አንድ የታመቀ ፋይል አውርደህ ያለ ኢንተርኔት ታነባለህ። «ኪዊክስ ሰርች» ፋይሉን ከተርሚናል ይፈልግልሃል። «ኪዊክስ ሰርቭ» ደግሞ ላፕቶፕህን ለሌሎች መረጃ የሚያቀርብ ሰርቨር ያደርገዋል፤ አንድ ክፍል ተማሪ በዋይፋይ ተገናኝቶ በየስልኩ ያነባል። አስተማሪ የምታውቅ ከሆነ እባክህ ይህን ንገረው፤ ቤተ መጻሕፍት ለሌለው ትምህርት ቤት ትልቅ ነገር ነው። የእንግሊዝኛው ከነምስሉ 100 ጊጋባይት ገደማ ስለሆነ ምስል የሌለውን ምረጥ። የአማርኛው ትንሽ ነው፣ በእሱ ጀምር።

የሊኑክስህን ዓይነት ጻፍልኝና አጫጫኑን እነግርሃለሁ።