የእንግሊዝ አምፕ ድምፅ ምን ያህሉ በሞጁል ውስጥ ይገባል?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ንጹሕ ድምፅ የሚሰጥ የትራንዚስተር ፓወር አምፕና ባለ 12 ኢንች ስፒከር ሣጥን አለኝ። ከፊታቸው የሚገባ አንድ የጊታር ፕሪአምፕ ሞጁል ልገዛ አስቤ ምርጫዬ የታወቁ የእንግሊዝ አምፖችን በሚያስመስሉ ሦስት ላይ ቆሟል፤ አንዱ የማርሻል ፕሌክሲን፣ ሁለተኛው የጄሲኤም 800ን፣ ሦስተኛው የቮክስ ኤሲ 30 ቶፕ ቡስትን ድምፅ እንደሚሰጡ ይነገርላቸዋል። በማስታወቂያ ቪዲዮ ሦስቱም ልብ ይሰርቃሉ። አንድ ወዳጄ ዘንድ የሞከርኩት የፕሌክሲ ሞጁል ግን ቀጭንና ጆሮ የሚወጋ ሆነብኝ። ችግሩ ከሞጁሉ ነው ወይስ ከእኔ? ከሦስቱ ለዋናው አምፕ የሚቀርበውስ የትኛው ነው?

መልስ፦ ባለዎት ዕቃ ላይ ለዋናው አምፕ ይበልጥ የሚቀርበው የጄሲኤም 800ው ሞጁል ነው። ይህን ስል የፕሌክሲውን ወይም የቮክሱን ሞጁል የሠሩት ሰዎች ሰነፎች ናቸው ማለቴ አይደለም። ልዩነቱ የሚመጣው ዋናዎቹ አምፖች ራሳቸው ድምፁን የሚያሻክሩበት ቦታ የተለያየ ከመሆኑ ነው።

የጊታር አምፕ ሁለት ክፍል አለው። ፕሪአምፑ የክሩን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ ከሚለውጠው ፒክአፕ የሚመጣውን ደካማ ሲግናል ያሳድጋል፣ በቤዝ፣ በሚድና በትሬብል ቁልፎችም ይቀርጸዋል፤ ፓወር አምፑ ደግሞ ይህን ተቀብሎ ስፒከሩን ለመግፋት የሚበቃ ጉልበት ይሰጠዋል። ዲስቶርሽኑ፣ ማለትም የድምፁ መሻከር፣ በፕሪአምፑ ውስጥ ተፈጥሮ የሚያልቅ ከሆነ፣ የአምፑን ፕሪአምፕ ብቻ ለይቶ የያዘው ሞጁል ከነምንጩ ሊይዘው ይችላል። ዲስቶርሽኑ የሚመጣው ሞገዱን ለሁለት ከሚከፍለው ቲዩብ (አምፖል መሰል የመስታወት ማጉያ)፣ ከመውጫ ቲዩቦቹ፣ ከትራንስፎርመሩና ከስፒከሩ ከሆነ ግን ሞጁሉ ከእነዚህ አንዱም ስለሌለው፣ ሠሪው የጎደለውን በሌላ ዘዴ ለመተካት ይገደዳል። ሞጁሎችን ስናወዳድር መጀመሪያ መጠየቅ ያለብን እንግዲህ ይህንኑ ነው፤ ዋናው አምፕ የሚሻክረው የት ላይ ነው?

ከማርሻል እንጀምር። ጂም ማርሻል እ.ኤ.አ. በ1962 በምዕራብ ለንደን ሃንዌል በነበረው የሙዚቃ መሣሪያ መደብሩ ከቴክኒሻኖቹ ከኬን ብራንና ከዱድሊ ክሬቨን ጋር ሆኖ ጄቲኤም 45 የተባለውን አምፕ ሲያስወጣ፣ መነሻ ያደረገው የአሜሪካውን ፌንደር ቤዝማን ነበር። የእንግሊዝ ድምፅ የምንለው ነገር አያቱ አሜሪካዊ ነው ማለት ነው። ከ1965 ጀምሮ የተሠራው ባለ 100 ዋት ሱፐር ሊድ የሞዴል ቁጥሩ 1959 ነው፤ ይህ ቁጥር የተሠራበት ዓመት እየመሰላቸው ብዙዎች ይሳሳታሉ። ፕሌክሲ የሚለው ቅጽል ስሙም የመጣው እስከ 1969 አካባቢ የፊት ሰሌዳው ፕሌክሲግላስ ከተባለ መስታወት መሰል ፕላስቲክ ይሠራ ስለነበር ነው።

በዚህ አምፕ ላይ ማስተር ቮልዩም የሚባል፣ የፕሪአምፑን መሻከር ሳይነካ የድምፁን መጠን ብቻ የሚቀንስ ቁልፍ የለም። ተጫዋቹ የሻከረ ድምፅ ሲፈልግ ቮልዩሙን ከፍ ያደርገዋል፤ ያን ጊዜ ፕሪአምፑ መጠነኛ ዲስቶርሽን ይሰጥና ትልቁን ሥራ ኢኤል 34 የተባሉት የመውጫ ቲዩቦች ይወስዱታል። ክሩን ጠንከር አድርገው ሲመቱት ድምፁ ጨመቅ የሚለውና መልሶ የሚያብበው በአብዛኛው በዚህ ደረጃ ነው። የትራንዚስተር ፓወር አምፕዎ ደግሞ የተሠራው የተሰጠውን ሳይነካ እንዲያጎላ ስለሆነ፣ በዚህ ድራማ ውስጥ ምንም ሚና አይኖረውም።

ወዳጅዎ ዘንድ የሰሙት ቅጥነት ግን ሌላም ምክንያት ሊኖረው ይችላል። የፕሌክሲው አንደኛው ቻናል፣ ትሬብል የሚያጎላው፣ በቮልዩም ቁልፉ ላይ 5000 ፒኮፋራድ ገደማ የሚሆን ካፓሲተር ተሸክሟል። ቁልፉ ዝቅ ሲል ከፍተኛ ድምፆች በዚህ ካፓሲተር በኩል አቋርጠው ስለሚያልፉ ድምፁ ይቀጥናል፣ ይወጋልም፤ ቁልፉ ወደ ላይ በወጣ ቁጥር የካፓሲተሩ ድርሻ እያነሰ ሄዶ መጨረሻ ላይ ይጠፋል። ለዋናው ታማኝ የሆነ ሞጁል ይህንን ጠባይ ጭምር ይወርሳል። እርስዎ ጎረቤት እንዳይረበሽ ብለው ጌይኑን (በሞጁሉ ላይ የዚህን ቮልዩም ቦታ የሚይዘውን ቁልፍ) ሦስት ላይ አድርገው ሞክረውት ከሆነ የሰሙት የካፓሲተሩን ድምፅ ነው። ጌይኑን ከግማሽ በላይ ያውጡት፣ የሞጁሉን መውጫ ቮልዩም ይቀንሱ፣ ከዚያ ንጹሕ ድምፅ ሲፈልጉ በጊታሩ ቮልዩም ይመለሱ።

ሁለተኛው ምክንያት የቻናሎቹ ጉዳይ ነው። ዋናው አምፕ አራት መሰኪያዎች ስላሉት ተጫዋቾች ትሬብል የሚያጎላውን ቻናልና ወፍራሙን ቻናል በአጭር ገመድ አገናኝተው ሁለቱን እያደባለቁ ይጫወቱ ነበር። ብዙ ሰው በጆሮው የያዘው የፕሌክሲ ድምፅ ይህ ድብልቅ ነው። አንድ የጌይን ቁልፍ ብቻ ያለው ሞጁል አብዛኛውን ጊዜ የሚሰጠው ትሬብል የሚያጎላውን ቻናል ብቻ ነው፤ ከመግዛትዎ በፊት ሁለቱን የሚያደባልቅበት መንገድ እንዳለው ይመልከቱ።

ጄሲኤም 800 ታሪኩ ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1975 ማርሻል 2203 የተባለውን ማስተር ቮልዩም ያለው ባለ 100 ዋት አምፕ አወጣ፤ በ1981 የጀመረው ጄሲኤም 800ም መጀመሪያ ላይ በአዲስ ልብስ የመጣ ይኸው ሰርኪዩት ነበር። በፕሌክሲ ላይ ጎን ለጎን ይሠሩ የነበሩት የሁለቱ ቻናሎች የመጀመሪያ የማጉያ ደረጃዎች እዚህ አንዱ ሌላውን እንዲመግብ ተደርገው በተርታ ተቀጠሉ። ከዚህም በላይ፣ በሁለተኛው ደረጃ ላይ ካቶድ የተባለው የቲዩቡ እግር 10 ኪሎኦም በሆነ፣ ማለትም ከተለመደው ብዙ እጥፍ በሚበልጥ ሬዚስተር ስለሚያልፍ፣ ቲዩቡ ሊዘጋ አፋፍ ላይ ሆኖ ይሠራል፤ በዚህም የሞገዱ አንዱ ጎን ከሌላው ቀድሞ ይቆረጣል። ያ የምናውቀው፣ ጠርዙ የተሳለ፣ ኮርዱን ግን ሳያጨቀይ የሚያልፍ ድምፅ የሚወለደው እዚህ ነው።

አሁን ቲዩቦቹን እንቁጠር። የ2203 ፕሪአምፕ ሦስት የማጉያ ደረጃዎችና የቶን ቁልፎቹን የሚነዳ አንድ ደረጃ አለው፤ በድምሩ አራት። አንድ ኢሲሲ 83 ቲዩብ፣ በሌላ ስሙ 12 ኤኤክስ 7፣ በውስጡ ሁለት ደረጃዎችን ይይዛል። ስለዚህ ሁለት ቲዩብ ያለው ሞጁል፣ አሜሪካዊው አምፕ ሠሪ ብሩስ ኢግኔተር ባስለመደው የተሰኪ ሞጁል ሥርዓት የተሠሩትን በመሳሰሉት ላይ እንደምናየው፣ የ2203ን ፕሪአምፕ ምንም ሳይቀንስ ሊይዝ ይችላል። ማስተር ቮልዩሙ ዝቅ ብሎ ሲሠራ አብዛኛው ዲስቶርሽን ከዚሁ ክፍል የሚመጣ ስለሆነ፣ ሞጁሉ የሚያጣው ጥቂት ነው። መድረክ ላይ በኃይል ሲከፈት የመውጫ ቲዩቦቹ የሚጨምሩት ነገር መኖሩን አልክድም፤ የድምፁ አጥንት ግን አስቀድሞ ፕሪአምፑ ላይ ቆሟል።

ለቮክስ ሞጁል ያለኝን ጥርጣሬም አልደብቅም። ዲክ ዴኒ በዳርትፎርድ ለነበረው የጄኒንግስ ኩባንያ የነደፈው ኤሲ 30 አራት ኢኤል 84 የመውጫ ቲዩቦች አሉት፤ ከማርሻል በተለየ በፓወር አምፑ ላይ ወደ ኋላ የሚመለስ የእርማት ሲግናል የለውም። ለዚህ ነው ወደ ዲስቶርሽን የሚገባው ቀስ በቀስ፣ የት እንደጀመረ ሳይታወቅ የሚሆነው። ቶፕ ቡስት የሚባለው፣ መጀመሪያ ላይ በአምፑ ጀርባ ይገጠም የነበረው ተጨማሪ ሰርኪዩት፣ ትሬብልና ቤዝ ብቻ ያለው የቶን ክፍል ነው፤ እሱን ሞጁሉ በሚገባ ይይዘዋል፤ የሚያብረቀርቀውን ንጹሕ ድምፅም በዚያው ያገኛሉ። ካት የተባለው ቁልፍ ግን በዋናው አምፕ ላይ የሚገኘው ሞገዱ ለሁለት ከተከፈለ በኋላ፣ በፓወር አምፑ መግቢያ ላይ ነው። በሞጁል ላይ ካት የሚል ቁልፍ ቢያዩ ሥራው ተመሳሳይ እንጂ ቦታው አንድ አይደለም። ኤሲ 30ን የሚወዱት በንጹሕ ድምፁ ከሆነ ሞጁሉ አያሳፍርዎትም፤ አፋፍ ላይ ባለው ድምፁ ከሆነ ግን ትንሽ የቲዩብ ፓወር አምፕ እስኪያገኙ ድረስ ቢታገሡ እመርጣለሁ።

ሦስቱን ጎን ለጎን ለመስማት ዕድል ካገኙ የድምፃቸውን መጠን እኩል ማድረግ አይርሱ። ትንሽ ጮክ ያለው ሁልጊዜ የተሻለ ይመስላል። እኔ ራሴ አንድ ጊዜ ከሁለት ሞጁሎች አንዱን ለሳምንት ያህል ሳሞግስ ቆይቼ፣ በኋላ በመለኪያ ስመለከተው የዚያኛው መውጫ ቁልፍ ከፍ ብሎ ተገኘ፤ እኩል ሳደርጋቸው አድናቆቴ ወደ ሌላው ዞረ። አንድ አጭር ጨዋታ ሉፐር በተባለ ቀድቶ ደጋሚ መሣሪያ ቀድቶ ለሁሉም ሞጁሎች መመገብ ጥሩ ዘዴ ነው፤ እጅ ስለማይለዋወጥ ፍርዱ ንጹሕ ይሆናል። ሉፐሩ የማይነግርዎት ነገር ግን አለ፤ ፒክአፕዎ በቀጥታ ሲሰካ ከሞጁሉ ጋር የሚኖረውን ግንኙነት። ስለዚህ በመጨረሻ ጊታሩን ራሱን ይሰኩና የኤ ኮርድ ይምቱ፤ የጊታሩን ቮልዩም ከ10 ወደ 4 አውርደው ያንኑ ኮርድ እንደገና ይምቱ። ጥሩ ሞጁል ላይ ሻካራው እየለቀቀ እያንዳንዱ ክር ለብቻው ይሰማል፤ ደካማው ላይ ያው ዲስቶርሽን ድምፁ አንሶ ይቀጥላል። ቮልዩም ሲወርድ የሚጠፋውን ትሬብል ከሞጁሉ ጥፋት እንዳይቆጥሩት፤ ያ ብዙውን ጊዜ የገመዱና የጊታሩ ጉዳይ ነው።

ጥያቄ፦ የማርሻል ዓይነት ሞጁል ገዝቼ በአምፔ የጊታር መግቢያ ላይ ብሰካው ድምፁ ጭቃ ሆነብኝ። ሞጁሉ ተበላሽቶ ይሆን?

መልስ፦ ደኅና ሳይሆን አይቀርም፤ የተሰካበት ቦታ ነው ያልተመቸው። በጊታር መግቢያው ሲያስገቡት ሲግናሉ አንዱን ፕሪአምፕ ጨርሶ እንደገና በሌላ ፕሪአምፕና በሌላ የቶን ክፍል ውስጥ ያልፋል፤ የሁለቱ ባሕርይ ሲደራረብ የሰሙትን ያመጣል። አምፕዎ ኢፌክት ሪተርን የተባለ መሰኪያ ካለው የሞጁሉን መውጫ እዚያ ያስገቡ፤ የአምፑ ፕሪአምፕ ይታለፋል። አስቀድመው የሞጁሉን ቮልዩም ዜሮ ላይ ያድርጉ፤ በብዙ አምፖች ላይ ከሪተርኑ በኋላ ቮልዩም ስለሌለ ድምፁ በአንድ ጊዜ ሊፈነዳ ይችላል። የሲግናል መጠኑንም ያስተያዩ። በፔዳል ደረጃ የሚያወጣ ሞጁል ፕላስ 4 ዲቢዩ፣ ማለትም 1.23 ቮልት ገደማ የሚጠብቅ፣ በመደርደሪያ የሚገጠም የራክ ፓወር አምፕ ሲመግብ ደካማ ይመስላል፤ ማይነስ 10 ዲቢቪ፣ ማለትም 0.316 ቮልት ላይ የሚሠራ መግቢያ ግን ይስማማዋል። የሲግናል ደረጃ መምረጫ ማብሪያ ካለ ጥቅሙ ከአንድ ተጨማሪ የቶን ቁልፍ ይበልጣል።

ጥያቄ፦ በቤቴ ሞጁሉን ድምፅን ወደ ኮምፒውተር ወደሚያደርሰው ኦዲዮ ኢንተርፌስ አስገብቼ በጆሮ ማዳመጫ ስሰማው እንደ ንብ ይጮኻል። ቲዩብ ያለው ብገዛ ይሻላል?

መልስ፦ ቲዩብ ይህንን አያድንም። የጎደለዎት ስፒከሩ ነው። ባለ 12 ኢንች የጊታር ስፒከር፣ ለምሳሌ 25 ዋቱ የሴለስሽን ግሪንባክ፣ ከ5 ኪሎኸርትዝ በላይ ያለውን ድምፅ በፍጥነት ይጥለዋል፤ የጆሮ ማዳመጫዎ ግን ሁሉንም እንዳለ ያሰማዎታል። የንቡ ድምፅ ያ ስፒከሩ ይጥለው የነበረው ክፍል ነው። ከሞጁሉ በኋላ የስፒከር ሣጥን ማስመሰያ ያስገቡ፤ ሞጁሉ የራሱ ከሌለው በኮምፒውተር ላይ ኢምፐልስ ሪስፖንስ፣ ማለትም የስፒከር ሣጥንን ጠባይ የቀዳ ፋይል፣ የሚጭን ፕሮግራም ይበቃል። ለማርሻል ዓይነት ሞጁል የአራት ስፒከር ግሪንባክ ሣጥን፣ ለቮክስ ዓይነት ደግሞ የሴለስሽን ብሉ ሁለት ስፒከር ሣጥን ፋይል ይምረጡ። ሁለቱን ቢያቀያይሩ ሞጁሉን የቀየሩ ያህል ልዩነት ይሰማሉ።

ስለ ቲዩቡ ከተነሣ፣ መብራቱ ስለታየ ብቻ አይመኑ። ቲዩብ ያላቸው አንዳንድ ትንንሽ ሣጥኖች ለቲዩቡ የሚሰጡት ቮልቴጅ በዋናው አምፕ ውስጥ ካለው ከ200 በላይ ቮልት እጅግ ያነሰ ነው፤ ቲዩቡ ያን ጊዜ የሚያሳየው ጠባይ ሌላ ነው። በጥንቃቄ የተነደፈ የጄፌት ትራንዚስተር ፕሪአምፕ ከእንዲህ ያለው ሲበልጥ ሰምቻለሁ።

ጥያቄ፦ የሌላውን የእንግሊዝ አምፕ፣ የሃይዋትን ዓይነት ሞጁልስ ከትራንዚስተር ፓወር አምፕ ጋር ይስማማል?

መልስ፦ ከሁሉም በላይ ይስማማል። ዴቭ ሪቭስ የሠራው ዲአር 103 የተባለው የሃይዋት አምፕ የታወቀው በ100 ዋቱም ላይ ንጹሕ ሆኖ በመቆየቱ ነው፤ ዋናው አምፕ ራሱ ከፓወር አምፑ ብዙ ዲስቶርሽን ስለማይጠብቅ፣ ንጹሕና ጉልበት ያለው ትራንዚስተር ብዙም አያጎድልበትም። የፓወር አምፕዎ ዋት ግን አያንስ፤ ከሃይዋት የሚጠበቀው ያ ሰፊ፣ ደረት የሚገፋ ድምፅ በደካማ ፓወር አምፕ ላይ ቶሎ ይጨናነቃል፤ የትራንዚስተር መጨናነቅ ደግሞ ለጆሮ አይጥምም።