ቤቱ ዕዳውን ራሱ ይከፍላል?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የሚከራይ ቤት ልገዛ ነው። 1 ሚሊዮን ከባንክ እበደራለሁ፣ በ12 በመቶ ወለድ፣ በ20 ዓመት የሚከፈል። ኪራዩ በወር 13 ሺህ ያወጣል፣ የባንኩ ክፍያ 11 ሺህ ነው። አንድ ዘመዴ «ለባንክ የምትከፍዪው ሁሉ ከኪራዩ ላይ ስለሚቀነስ ግብሩም ይህን ያህል አይደለም፣ ቤቱ ዕዳውን ራሱ ይከፍላል» ይለኛል። እውነቱን ነው?

መልስ፦ እህቴ፣ ዘመድሽ የነገረሽ ግማሹን ነው። ኪስ የሚጎዳው የቀረው ግማሽ ነው።

ያ 11 ሺህ ሁለት ነገር ነው፤ ወለድና ዋና ብድር። ወለዱ ወጪ ነው፣ ብዙ አገር ከኪራይ ገቢ ላይ ይቀነሳል። ዋናው ግን የተበደርሽውን መመለስ ስለሆነ አይቀነስልሽም። በመጀመሪያው ወር 10 ሺው ወለድ ነው፣ ከዋናው የሚነካው 1 ሺህ ገደማ ብቻ፤ ለዚህ ነው መጀመሪያ ላይ ግብሩ የማይሰማሽ። 10 ዓመት ሙሉ ከፍለሽም ገና 767 ሺህ አካባቢ ይቀርብሻል (አዎ፣ በትክክል ነው ያነበብሽው)፣ የወሩ ወለድ ግን ወደ 7,700 ወርዷል። የመጨረሻው ዓመት ሲገባ 1,240 ገደማ ነው። ለባንክ ያው 11 ሺህ ትከፍያለሽ፣ የሚቀነስልሽ ግን ያቺው ብቻ፣ ስለዚህ እጅሽ ላይ ላልቀረ ገንዘብ ግብር ትከፍያለሽ ማለት ነው።

ወለድ እንደልብ የማይቀነስበትም አገር አለ። ብሪታኒያ መኖሪያ ቤት የሚያከራዩ ግለሰቦች እ.ኤ.አ. ከ2020 ወዲህ ወለዱን ከገቢያቸው መቀነስ አይችሉም፣ የሚያገኙት በ20 በመቶ የሚሰላ የግብር ቅናሽ ነው። የአንቺን አገር ሕግ ሳታጣሪ ሒሳብ አትሥሪ።

የእርጅና ቅናሽ የሚባልም አለ። በየዓመቱ ከሕንፃው ዋጋ ላይ ትንሽ ትንሽ እንደ ወጪ ይያዝልሻል። መሬት አያረጅም፣ ስለዚህ የመሬቱ ዋጋ እዚህ ውስጥ አይገባም። ደስ ይላል፣ ግን ብዙ ቦታ ቤቱን ስትሸጪ የተቀነሰልሽ ከገዛሽበት ዋጋ ላይ ይነሳና ትርፍሽ ትልቅ ሆኖ ይታያል፣ ግብሩም አብሮ ያድጋል። ጥገናና ግንባታም ለየብቻ ነው የሚታዩት። የፈነዳ ቧንቧ ማሠራት የዓመቱ ወጪ ነው፣ ተጨማሪ ክፍል መሥራት ግን የቤቱ ዋጋ ላይ ይደመራል። ደረሰኝ አትጣዪ።

አሁን ግብሩን እንተወውና ወደ ጥሬ ገንዘቡ እንምጣ፣ እኔን ይበልጥ ያሳሰበኝ እሱ ነው። በወር 2 ሺህ ከተረፈሽ በዓመት 24 ሺህ ነው። ተከራይ ወጥቶ ቤቱ አንድ ወር ባዶ ቢቆም 13ቱ ሄደ። ኢንሹራንስና ጥገና ሲጨመርበት ምን ተረፈ? ወለዱ ተለዋዋጭ ከሆነና ገና ከጅምሩ 15 በመቶ ቢገባ ደግሞ ክፍያሽ 13,168 ይሆናል፣ ኪራዩ በሙሉ ለባንክ ገብቶም አይበቃም። «ቤቱ ራሱን ይከፍላል» የሚለው ወሬ እዚህ ላይ ያበቃል።

አትግዢ እያልኩ አይደለም። ቅድመ ክፍያውን ከፍ አድርገሽ ብድሩን ብትቀንሺ፣ ቢያንስ የ6 ወር ክፍያ የሚሸፍን ገንዘብም ለብቻው ብታስቀምጪ እኔ ይቅርብሽ አልልም። ከመፈረምሽ በፊት ባንኩ የ20 ዓመቱን የክፍያ ሰንጠረዥ፣ ወለድና ዋናው ተለይተው፣ አትሞ ይስጥሽ። ወለዱ ቋሚ ነው ወይስ ይለወጣል፣ ብድሩን ቀድመሽ ብትዘጊ ቅጣት አለው ወይ ብለሽ ጠይቂ። ሰንጠረዡን ይዘሽ የሒሳብ ባለሙያ ጋ ሂጂ፣ ዘመድሽንም ይዘሽው ብትሄጂ አይከፋም።