ለጡረታ ወርቅ ከመግዛታችሁ በፊት መሸጫውን አስቡ

ወርቅ በተወደደ ቁጥር ከወገኖቼ የሚመጣልኝ ጥያቄ አንድ ነው። «የጡረታ ገንዘቤን ወርቅ ላድርገው? በእጄ ልያዘው ወይስ ፈንድ ልግዛ?» ፈንድ ማለት የብዙ ሰው ገንዘብ ሰብስቦ ወርቅ ወይም አክሲዮን የሚይዝ ነው። እኔም መልሼ እጠይቃለሁ፦ «የምትሸጠው መቼ ነው? ለማንስ ነው?»

ይህን የምጠይቀው ስለተጎዳሁ ነው። ከዓመታት በፊት አንድ ሻጭ በስልክ አግባብቶ «ብርቅዬ» ያላቸውን የወርቅ ሳንቲሞች ሸጠልኝ። ልሸጣቸው ስወስዳቸው ገዢው ብርቅነታቸውን ከቁጥር አላስገባውም። መዝኖ የወርቁን ዋጋ ብቻ ነገረኝ። ወርቅ በመሀሉ ጨምሮ እንኳ ከከፈልኩት በጣም ያነሰ ነበር።

በእጅ የሚያዝ ወርቅ መግዣና መሸጫው ይለያያል። ስትገዙ ከገበያው ዋጋ በላይ ትከፍላላችሁ፤ ስትሸጡ አብዛኛውን ጊዜ ከገበያው በታች ይሰጣችኋል። ሳንቲሙ ባነሰ መጠን ልዩነቱ ይሰፋል። ጌጣጌጥ ላይ ደግሞ የእጅ ዋጋ ተጨምሮበታል፤ ስትሸጡት እሱን የሚመልስላችሁ የለም። 18 ካራት ሀብል ወርቅነቱ 75 በመቶ ብቻ ነው። ጌጡን ለጌጥነቱ ያዙት፤ ጡረታ ብላችሁ አትቁጠሩት።

ማስቀመጫውም ራስ ምታት ነው። ቤት ካስቀመጣችሁት ሌባ አለ፣ እሳት አለ። የቤት ኢንሹራንስ ለወርቅ የሚከፍለው ብዙ ጊዜ ጣሪያ አለው። አሜሪካ ውስጥ የባንክ ሣጥን ውስጥ ያለን ንብረት ኤፍዲአይሲ (የባንክ ተቀማጭ ገንዘብን የሚዋስ የመንግሥት ተቋም) አይሸፍነውም። ከሁሉ የሚያሳስበኝ ግን ቦታውን ብቻውን የሚያውቅ ሰው ነው። ድንገት አንድ ነገር ቢሆን ልጆቹ አያገኙትም።

ፈንዱ ይህን ጣጣ ያቀልላል። ለምሳሌ እ.ኤ.አ. በ2004 ኒውዮርክ የጀመረው ጂኤልዲ የሚባለው ፈንድ ወርቁን በባንክ ካዝና ያስቀምጣል። እናንተ እንደ አክሲዮን ትገዙታላችሁ፣ ገበያ ክፍት በሆነ ሰዓት ትሸጡታላችሁ። የዓመት ክፍያው 0.40 በመቶ ነው፤ ከ10,000 ዶላር 40 ዶላር ማለት ነው። ከሱ የረከሱም አሉ። ብቻ «ወርቅ» የሚል ስም ስላለው አትመኑ። አንዳንዱ ፈንድ የያዘው የማዕድን ኩባንያዎችን አክሲዮን ነው። ወርቅ ሳይረክስም ኩባንያ ሊከስር ይችላል።

አገር ጥሎ የወጣ ሰው በእጁ የጨበጠውን ብቻ ቢያምን አልፈርድበትም። ባንክና ገበያ የሚዘጋበት ቀን ያስፈራዋል። ለዚህ ፍርሃት ጥቂት የታወቁ ሳንቲሞች መያዝ ይበቃል።

አሜሪካ ያላችሁ ታክሱንም አትርሱ። ከጡረታ አካውንት ውጭ ከአንድ ዓመት በላይ የቆየ ወርቅ ሲሸጥ ትርፉ እስከ 28 በመቶ ሊታክስ ይችላል። በካዝና ወርቅ የሚይዘው ፈንድም እንደዚያው ነው። ፈንዱን አይአርኤ (የታክስ እፎይታ ያለው የግል ጡረታ አካውንት) ውስጥ ከያዛችሁት ግን ይህ አይነካችሁም፤ ከባህላዊው አይአርኤ ስታወጡ እንደ ማንኛውም ገቢ ይታክሳል። «ጎልድ አይአርኤ» የሚሏችሁ፣ ማለትም ራሱን ወርቁን የሚይዘው አይአርኤ ደግሞ ወርቁ የተፈቀደለት ጠባቂ ዘንድ መቀመጥ አለበት። የመክፈቻ፣ የዓመትና የማስቀመጫ ክፍያ አለው። «ቤትህ አስቀምጠው» የሚላችሁን አትስሙ። እ.ኤ.አ. በ2021 የአሜሪካ የታክስ ፍርድ ቤት በአይአርኤ የተገዙ ሳንቲሞችን ቤቷ ባስቀመጠች ሴት ላይ ፈርዶባታል። ገንዘቡን እንዳወጣችው ተቆጥሮ ታክስ መጣባት።

እ.ኤ.አ. በ1980 ጥር አንድ አውንስ ወርቅ 850 ዶላር ገደማ ደርሶ ነበር። በ2001 ከ300 በታች ነበር። ሃያ ዓመት ሙሉ ወለድም የትርፍ ድርሻም አልከፈለም። በዚያ መሀል ጡረታ የወጣ ሰው ምን ይበላ ነበር? ስለዚህ የኔ የወርቅ ድርሻ ከጠቅላላው ቁጠባዬ አንድ አስረኛ አይሞላም። አብዛኛው በርካሽ ፈንድ፣ ጡረታ አካውንቴ ውስጥ ነው። ያሉኝን ጥቂት ሳንቲሞች የት እንዳሉ ልጄ ታውቃለች።

ሻጭ ሲደውልላችሁ «ይህንኑ ሳንቲም ዛሬ መልሼ ብሸጥልህ በስንት ትገዛዋለህ?» በሉት። መልሱን በጽሑፍ ይላክላችሁ። ካንገራገረ ስልኩን ዝጉት።