ወተት አይስማማኝም፤ አለርጂ ይሆን?

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ የ34 ዓመት ሴት ነኝ። ሁዳዴን ጾሜ ፋሲካ ሲገባ አንድ ብርጭቆ ወተት ከጠጣሁ፣ ሰዓት ሳይሞላ ሆዴ ይነፋል፣ ይጮኻል፣ አንዳንዴም ያስቀምጠኛል። አሜባ ነው ተብዬ ሦስት ጊዜ መድኃኒት ወስጃለሁ። ጓደኞቼ የወተት አለርጂ ነው ይሉኛል። እርጎ ግን ምንም አያደርገኝም። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ እህቴ፣ ስለ እርጎው መንገርዎ በጣም ጠቅሞኛል። የወተት አለርጂ ያለበት ሰው አብዛኛውን ጊዜ እርጎም አይሆነውም። አለርጂ ሰውነት የወተትን ፕሮቲን እንደ ጠላት ሲዋጋ የሚመጣ ነው፤ አንድ ጉንጭ እንኳ ቆዳ ሊያሳክክ፣ ከንፈር ሊያሳብጥ፣ ትንፋሽ ሊያሳጥር ይችላል። እርስዎን የሚያስቸግርዎ ግን የወተቱ ስኳር፣ ላክቶስ፣ ይመስለኛል።

ይህን ስኳር የሚፈጨው ላክቴዝ የሚባል ኢንዛይም ነው። ከልጅነት በኋላ በብዙ ሰው ላይ ይቀንሳል፤ ከዓለም አዋቂዎች ሁለት ሦስተኛ ያህሉ እንዲህ ናቸው፣ ስለዚህ በሽታ አይበሉት። ያልተፈጨው ስኳር ትልቁ አንጀት ሲደርስ ውሃ ይስባል፣ እዚያ ያሉት ባክቴሪያዎችም ያቦኩትና ጋዝ ያወጣሉ። እርጎ ውስጥ ያሉት ባክቴሪያዎች ግን ከስኳሩ ከፊሉን ቀድመው ጨርሰውልናል። ከአይብም አብዛኛው ስኳር ከአጓቱ ጋር ይወጣል፣ ንጥር ቅቤ ላይማ የለም ማለት ይቻላል።

ጾሙ ኢንዛይሙን አላጠፋውም። ነገር ግን የአንጀት ባክቴሪያዎች በየቀኑ ትንሽ ወተት ሲያገኙ ይለምዱታል፣ 55 ቀን ሲቋረጥባቸው ደግሞ ልምዱን ይረሳሉ፣ ከዚያ በፋሲካ ማለዳ ባዶ ሆድ ላይ ሙሉ ብርጭቆ ሲወርድባቸው ሆድዎ ቢጮኽ አይገርምም።

የአሜባው ነገር ግን ያሳስበኛል። ሰገራ ሳይመረመር፣ ሆድ በተነፋ ቁጥር ሜትሮኒዳዞል መዋጥ ልማድ ሆኖብናል። እባክዎ ያለ ምርመራ አራተኛ ጊዜ አይውሰዱ። ምርመራውን ግን ያድርጉት፤ ምክንያቱም ጃርዲያ የሚባለው የአንጀት ጥገኛ ተሕዋስ አንጀትን ሲጎዳ ኢንዛይሙን ለጊዜው ይቀንሰዋል፣ ከታከሙ በኋላም ወተት ለሳምንታት ላይስማማ ይችላል።

ሰገራዎ ንጹህ ከሆነ ለሁለት ሳምንት ወተት ይተዉ፤ የዱቄት ወተቱንም፣ የፍየሉንም፣ የግመሉንም፣ ሁሉም ላክቶስ አላቸው። ካሻልዎ ቀስ ብለው ይመልሱት፤ መጀመሪያ ሩብ ብርጭቆ የተፈላ ወተት፣ ያውም ከምግብ ጋር። ብዙ ሰው እስከ አንድ ብርጭቆ ድረስ ይችላል። ማኪያቶ ላይ ያለው ወተት ትንሽ ነው፣ ግን ቡናው ራሱም አንጀት ያንቀሳቅሳል፣ ስለዚህ ሁለቱን ለየብቻ ይሞክሩ። ወተት ጨርሶ ካልሆነልዎ ጤፍና ጎመን ካልሲየም አላቸው።

ክብደትዎ ከቀነሰ፣ ሰገራዎ ላይ ደም ካዩ፣ ወይም ተቅማጡ ሌሊት ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስዎ ከሆነ ግን ይህን ሁሉ ትተው ሐኪም ጋር ይሂዱ። ይህን የምታነቡ እናቶችም፣ ሕፃን ልጃችሁ ስላስቀመጠው ብቻ ጡት እንዳታቋርጡበት።