ለተግባር ፈተናው፦ መጀመሪያ አፉን ፈልጊ

እህቴ፣ «የኢካይኖደርሞች (የኮከብ ዓሣና የዘመዶቹ) እና የአከርካሪ አልባ ኮርዴቶች (አከርካሪ ባይኖራቸውም ከአከርካሪ አጥንት ባለቤቶች ጋር የሚመደቡ እንስሳት) አካል የተግባር ፈተና ደርሶብኛል፤ ከየት ልጀምር?» ብለሻል። ይኸው ፈተና አሳሬን ያሳየኝ ሰው ስለሆንኩ ልመልስልሽ። የውኃ ቧንቧ ሥርዓት (ኮከብ ዓሣና ዘመዶቹ ቱቦ እግራቸውን በውኃ የሚያንቀሳቅሱበት መረብ) ምን እንደሆነ መቼም ታውቂዋለሽ፤ እርሱን ዘልዬዋለሁ።

1. የአካል ክፍል ስም ከመጻፍሽ በፊት አፉ በየትኛው በኩል እንዳለ እዪ። ፈታኞች ኮከብ ዓሣን ገልብጠው ማስቀመጥ ይወዳሉ። በእያንዳንዱ እጅ ላይ እስከ ጫፍ የሚዘልቅ ቦይ፣ በውስጡም የተደረደሩ ቱቦ እግሮች ካየሽ፣ በአፉ በኩል ነሽ። ማድረፖራይቷ፣ ማለትም የውኃ ቧንቧው ወደ ውጭ የሚከፈትባት ወንፊት መሰል ሳህን፣ ያለችው በጀርባው ነው፤ ከመሐል ፈንጠር ብላ በሁለት እጆች መካከል የተቀመጠች፣ እንደ ሸሚዝ ቁልፍ ክብ፣ ፊቷ በቀጫጭን ቦዮች የተሸነታተረ።

2. የኮከብ ዓሣን ካርታ ለዘመዶቹ ሁሉ አትጠቀሚ። በባሕር ጃርት ከላይ ካሉት አምስት የመራቢያ ሳህኖች አንዱ ራሱ ማድረፖራይት ነው። በአብዛኞቹ የባሕር ኪያሮች ደግሞ ወደ ሆድ ዕቃ ገብታለች፤ ከውጭ ብትፈልጊያት አታገኚያትም። እጀ ቀጭኑ ተሰባሪ ኮከብ ግን ማድረፖራይቱ በአፉ በኩል ናት፤ ፊንጢጣም የለውም፣ የተረፈውን በገባበት ያስወጣል። እኔም እንዲሁ ጻፍኩ። አራሚው የኮከብ ዓሣን መልስ ይዞ ዜሮ ሰጠኝ! መጽሐፉን ገልጬ ቢሮ ድረስ ሄድኩ። ጸሐፊው ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ «የተለጠፈ ውጤት አይነካም» አለኝና መጽሐፉን ዘግቶ መለሰልኝ። ደሜ ፈላ። ነጥቧ አልተመለሰችም፤ በቀጣዩ ዓመት ግን የመልሱ ቅጽ ታርሞ ነበር፤ ያለ እኔ ንዝንዝ የሚታረም አልነበረም።

አሁን ወደ አምፊዮክሰስ፣ ዓሣ ወደሚመስለው ትንሽ አከርካሪ አልባ ኮርዴት፣ ልለፍ። ተቆርጦ በስላይድ ከቀረበልሽ መጀመሪያ ኖቶኮርዱን (በጀርባው በኩል አካሉን የሚደግፈውን ዘንግ) ያዢ፦ ትልቁ ሞላላ። ከላዩ ያለችው ትንሿ የነርቭ ሰረሰር ናት፤ ጥቋቁር ነጠብጣቦች ካየሽባት ብርሃን የሚለዩ ሴሎች ናቸው። ላይና ታቹን ካወቅሽ በኋላ ኢንዶስታይል አያምታታሽም፤ በፋሪንክሱ (ከአፍ ቀጥሎ ባለው የጉሮሮ ክፍል) ወለል ላይ ያለው ጎድጓዳ ቦይ ነው፤ በጣሪያው ያለው ሌላ ነው። ከፋሪንክሱ ጎን የምትታየዋን ክብ ቱቦ አንጀት ብለው የሚጽፉ ብዙዎች ናቸው፤ የጉበት ከረጢት የሚሏት እርሷ ናት። ሙሉው እንስሳ ከቀረበ ደግሞ በሆዱ በኩል መጀመሪያ የምታገኚው ቀዳዳ ውኃ የሚወጣበት ነው፤ ፊንጢጣው ከእርሱ ኋላ፣ ወደ ግራ ዘወር ብሎ ይገኛል።

የጎለመሰ ቱኒኬት (ከረጢት መሰል የባሕር ኮርዴት) ላይ ኖቶኮርድ ፈልገሽ ጊዜሽን አታባክኚ፤ በእጩ (ገና ባልጎለመሰው ልጁ) ጅራት ውስጥ ነበረ፣ ከጅራቱ ጋር ጠፍቷል። «ኮርዴት የሚያሰኘው ምን ይታያል?» ካሉሽ የፋሪንክስ ስንጥቆችንና ኢንዶስታይልን ጥቀሺ። ዝምድና ከተጠየቅሽ ደግሞ ዓሣ የሚመስለው አምፊዮክሰስ እንዳያታልልሽ፤ ከ2006 እ.ኤ.አ. ወዲህ የወጡት የጂን ጥናቶች ለአከርካሪ አጥንት ባለቤቶች ይበልጥ የሚቀርበው ቱኒኬት መሆኑን ነው የሚደግፉት። አራሚሽ ከአሮጌ ደብተር የሚያርም ከሆነ እንግዲህ ክርክር አይቀርልሽም፤ ስለዚህ ከመውጣትሽ በፊት የናሙናዎቹን ቁጥርና የተቀመጡበትን ጎን መዝግቢ። ቢሮ ስሄድ መጀመሪያ የጠየቁኝ እርሱን ነበር።