ራዳሩ ተርባይኖቻችንን እንደ አውሮፕላን ያያቸዋል፤ ምን እናድርግ?

ጥያቄውን የላከችልኝ መሐንዲስ እህታችን አገር ቤት ሳለች አዳማ የነፋስ ኃይል ማመንጫ ላይ ሠርታለች። አሁን እንግሊዝ ውስጥ፣ ሰሜን ባሕር ላይ ተርባይን በሚተክል ድርጅት የቦታ አቀማመጥ ትነድፋለች። እንዲህ ትላለች፦ «ጋሼ፣ ከአየር መከላከያ ራዳሩ 60 ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ፣ ባሕር ውስጥ 80 ተርባይን ለመትከል አቅደን ነበር። የመከላከያ ሚኒስቴሩ ራዳሬን ያውካል ብሎ ተቃወመ። አለቃዬ ክንፎቹን የራዳር ሞገድ በሚመጥ ነገር እንለብጣቸዋለን፣ በዚያው ያልቃል ይላል። እውነት ያልቃል? ካላለቀስ ከምን ልጀምር?»

እህቴ፣ አያልቅም። ለአለቃሽ እንድታስረጂው መጀመሪያ ራዳሩ ምን እንደሚቸገር ልንገርሽ።

ራዳር ሞገድ ልኮ ነጥሮ የሚመለሰውን ይቀበላል። ኮረብታውም፣ ሕንፃውም፣ የባሕሩ ማዕበልም ይመልሱለታል። ከዚህ ሁሉ መካከል አውሮፕላኑን ነጥሎ የሚያወጣው በዶፕለር ነው፣ ማለትም እየሄደ ያለ ነገር የሚመልሰው ሞገድ ድግግሞሹ ስለሚለወጥ ነው፤ የተመለሰው ሞገድ ድግግሞሽ ካልተለወጠ ያ ነገር ቆሟል ማለት ነውና ይጥለዋል። የተርባይኑ ምሰሶ በዚህ ወንፊት ይቀራል። የክንፉ ጫፍ ግን በሰከንድ ከ80 እስከ 90 ሜትር ይሄዳል፤ በሰዓት 300 ኪሎ ሜትር ገደማ መሆኑ ነው። ይህ የሄሊኮፕተር ፍጥነት ስለሆነ ወንፊቱ ያሳልፈዋል፤ ስክሪኑ ላይም አውሮፕላን የሚመስል ሐሰተኛ ነጥብ ይሆናል።

ሐሰተኛው ነጥብ ቢያንስ ስክሪኑ ላይ ይታያል፤ ኦፕሬተሩም ይለምደዋል። እኔን የሚያስፈራኝ የማይታየው ጉዳት ነው። ራዳሩ አንድን ምልክት «ይህ ዒላማ ነው» የሚለው በዙሪያው ካለው ሁካታ ጎልቶ ሲወጣ ነው፤ ሁካታው ሲጨምር ደፉን፣ ማለት ምልክቱን ዒላማ ብሎ የሚቀበልበትን ዝቅተኛ ልክ፣ በራሱ ከፍ ያደርጋል። ተርባይኖቹ ባሉበት አካባቢ ደፉ ከፍ ስለሚል፣ በላያቸው የሚያልፍ ትንሽ አውሮፕላን ከደፉ በታች ቀርቶ ይጠፋል። ማንቂያም አይሰማም። ወይም ራዳሩ የሚከታተለው የአውሮፕላኑ ዱካ ተርባይኖቹ ዘንድ ሲደርስ አንዱ ክንፍ ላይ ይጣበቅና እዚያው ይቀራል፤ እውነተኛው አውሮፕላን ግን መንገዱን ቀጥሏል። ስዊድን እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2024 በባልቲክ ባሕር የታቀዱ 13 የነፋስ እርሻዎችን የከለከለችው እንዲህ ያለውን የመከላከያ ስጋት አንሥታ ነው። የመከላከያ ሚኒስትሩ ፖል ዮንሶን በወቅቱ እንዳስረዱት፣ ሚሳኤል ሲመጣ የሚኖረው የ2 ደቂቃ የምላሽ ጊዜ ወደ 60 ሰከንድ ሊወርድ ይችላል። የሚቃወሟችሁን መኮንኖች እንደ እንቅፋት አትያቸው፤ ሥራቸውን እየሠሩ ነው።

ወደ ሥራው እንግባ። መጀመሪያ ካልኩሌተር ያዢ። ራዳሩ የሚያየው እስከ አድማሱ ድረስ ነው። የሞገዱን መጉበጥ ጨምሮ ርቀቱን በኪሎ ሜትር የምታገኚው፣ የአንቴናውንና የተርባይኑን ከፍታ በሜትር ወስደሽ፣ የእያንዳንዳቸውን ስኩዌር ሩት ደምረሽ በ4.12 ስታባዢ ነው። አንቴናው ከባሕር ወለል 150 ሜትር፣ የክንፉ ጫፍ 260 ሜትር ቢሆን 117 ኪሎ ሜትር ይመጣል። ስለዚህ 60 ኪሎ ሜትር ላይ ተርባይናችሁ ከጫፍ እስከ እግሩ ማለት ይቻላል ፊት ለፊቱ ቆሟል። ጥቂት ኪሎ ሜትር ገፋ በማድረግ የሚሸሸግ ነገር የለም። የአዳማዎቹ 1.5 ሜጋ ዋት ተርባይኖች ቢሆኑ ሌላ ሒሳብ ነበር፤ የዛሬዎቹ የባሕር ተርባይኖች ግን አንድ ክንፋቸው ብቻ ከ100 ሜትር በላይ ነው። የብስ ላይ ቢሆን ከኮረብታ ጀርባ መደበቅ ይቻላል፤ ባሕር ላይ ኮረብታ የለም።

አሰላለፉ ላይ ግን ብዙ ልትሠሪ ትችያለሽ፤ የአንቺም ሙያ ነው። የራዳር ጨረር በጎን ሰፊ፣ በርቀት ግን ቀጭን አድርጎ የሚቆርጥ ዓይን ነው። ጨረሩ 1.5 ዲግሪ ቢሆን በ60 ኪሎ ሜትር ላይ ወርዱ 1.6 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል፤ በርቀት በኩል ግን ጥቂት መቶ ሜትሮችን ለይቶ ማየት ይችላል። እንግዲህ ረድፎቹን ከራዳሩ በሚነሳ መስመር ላይ፣ አንዱን ከአንዱ ኋላ ብታሰልፊያቸው፣ በጥቂት አቅጣጫዎች ብቻ ይወሰናሉ፤ በመካከላቸውም ራዳሩ የሚያይበት ንጹሕ ክፍተት ይኖራል። በዘፈቀደ ከበተንሻቸው ግን ሁሉም አቅጣጫ ይበከላል። ከነፋሱ አንጻር ጥቂት ምርት ታጣላችሁ። እኔ ብሆን እከፍለዋለሁ።

አሁን ወደ አለቃሽ ሐሳብ። ከንቱ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2009 የመከላከያ ቴክኖሎጂ ኩባንያው ኪኔቲክና ተርባይን ሠሪው ቬስታስ እዚያው እንግሊዝ፣ ኖርፎክ ውስጥ ሞክረውታል፤ በ2016 ደግሞ ፈረንሳይ ውስጥ ፐርፒኞ አጠገብ ለአየር ትንበያ ራዳር ሲባል እንዲህ ዓይነት ክንፍ ተተክሏል። የእናንተ ራዳር ግን ብዙ የረጅም ርቀት ራዳሮች በሚሠሩበት፣ ኤል ባንድ በሚባለው የድግግሞሽ ክልል ከሆነ፣ በ1.3 ጊጋ ኸርዝ የሞገዱ ርዝመት 23 ሳንቲ ሜትር ነው። ቀላሉ መምጠጫ የሞገዱን ሩብ ያህል ውፍረት ይፈልጋል፤ 6 ሳንቲ ሜትር ሊጠጋ ነው። ቀጭን አድርጎ መሥራት ይቻላል፤ ያን ጊዜ የሚመጠው የድግግሞሽ ስፋት ይጠባል፣ የውጊያ ራዳር ደግሞ ድግግሞሹን ሆን ብሎ ይለዋውጣል። ክብደቱ፣ የመብረቅ መከላከያው፣ ጥገናው ሌላ ራስ ምታት ነው። ይህ ሁሉ ተሳክቶ 20 ዴሲቤል ቢቀንስ እንኳ 100 እጥፍ ማለት ነው፤ ተርባይኑ ከትንሽ አውሮፕላን 1,000 እጥፍ ጎልቶ ይታይ ከነበረ አሁንም 10 እጥፍ ይበልጠዋል። ስለዚህ ረዳት እንጂ መፍትሔ አድርጋችሁ አታቅርቡት።

ሌላው ርካሽ መንገድ በዚያ ቦታ ላይ ራዳሩ አዲስ ዱካ በራሱ እንዳይከፍት መከልከል ነው። ስክሪኑን ያጸዳል። ለሲቪል በረራ፣ አውሮፕላኑ ራሱን ለሚያስታውቅበት ሰማይ፣ ሊበቃ ይችላል። ለአየር መከላከያ ግን የሚፈለገው ራሱን የማያስታውቀው ነውና ሐሰተኛውን ነጥብ ለማጥፋት ብሎ ዓይንን መጨፈን ነው። ተርባይኖቹን በጥሪ ማቆምም አለ፤ አሜሪካ ውስጥ በስምምነት ይሠራበታል። ለልምምድና አስቀድሞ ለታወቀ ነገር ጥሩ ነው። ድንገት ለሚመጣ ግን ክንፎቹ ቆመው እስኪያልቁ የሚጠብቅ የለም።

ከሁሉ ይልቅ ተስፋ ያለው ራዳሩን ራሱን ማሻሻል ወይም ተጨማሪ ራዳር መትከል ነው። ብዙ ጨረሮችን በከፍታ ደራርቦ የሚያይ ራዳር የታችኛው ጨረሩ በተርባይን ቢታወክም ከፍ ብሎ የሚበረውን በላይኛው ይይዘዋል። ከነፋስ እርሻው ሌላ ወገን የሚያይ ሁለተኛ ራዳር ደግሞ የመጀመሪያውን ቀዳዳ ይሞላል። ወጪው ከባድ ስለሆነ ብቻችሁን አትሸከሙት። ፊንላንድ በፔራሜሪ (በቦትኒያ ባሕረ ሰላጤ ሰሜናዊ ጫፍ) አካባቢ ይህን እ.ኤ.አ. በ2013 በሕግ አሰናዳችው፤ አልሚዎቹ በየተርባይኑ ክፍያ ያዋጣሉ፣ መንግሥት ደግሞ ራዳሩን ያቆማል።

እዚህ ላይ ግን ረጋ በይ፣ ታሪኩ እናንተው አገር ነው የተፈጸመው። ኖርፎክ፣ ትሪሚንግሃም ላይ ቲፒኤስ-77 የተባለ ራዳር በነፋስ ኃይል ኩባንያዎች ገንዘብ ገብቶ ነበር። ለዓመታትም «ቲፒኤስ-77 እንተክላለን» ማለት የሚኒስቴሩን ተቃውሞ የሚያስቀር መልስ ሆኖ ቆየ። በኋላ በበረራ ሲፈተን ብዙ ተርባይን ባለበት እርሻ ላይ እንደተጠበቀው አልሆነም። እ.ኤ.አ. በኦገስት 2018 ሚኒስቴሩ በእሱ ላይ የተመሠረቱ የመፍትሔ ሰነዶችን መቀበል አቆመ። ከዚያ በኋላ ነው በ2019 የጋራ ግብረ ኃይል የተቋቋመው፣ በ2021ም የአየር መከላከያና የባሕር ነፋስ ኃይል የጋራ ስትራቴጂ የወጣው።

እኔም ተመሳሳይ ነገር በዓይኔ አይቻለሁ። ስሙን የማልጠራው አንድ ድርጅት የአንዱን ተርባይን ምልክት አስልቶ በቁጥራቸው አባዝቶ ሪፖርት ጻፈ። የሙከራው በረራ የተደረገው ተርባይኖቹ ፊታቸውን ወደ ራዳሩ ባዞሩበት ቀን ነበር። በዚያ አቋም ክንፉ የሚሮጠው ለራዳሩ ወደ ጎን ስለሆነ ዶፕለሩ ትንሽ ነው፤ ውጤቱም አማረ። ነፋሱ ዞሮ ተርባይኖቹ ጎናቸውን ሲሰጡ ክንፉ ወደ ራዳሩ መጣ፣ ተመልሶም ሸሸ፤ ዱካዎቹ ሁሉ ተተራመሱ። ራዳሩ ላይ የነበርነው ያን ቀን ሌሊቱን ቁጭ ብለን ነው ያደርነው።

ስለዚህ ፈተናውን በውላችሁ ውስጥ አስገቡ፦ ቢያንስ በሁለት የነፋስ አቅጣጫ፣ ተርባይኖቹ እየዞሩ፣ ትንሽ አውሮፕላን በላያቸው ዝቅና ከፍ ብሎ እየበረረ። ተርባይኖቹ በደረጃ የሚተከሉ ከሆነ የመጀመሪያው ረድፍ ሲቆም ለኩ፤ ችግር ቢኖር የቀረውን ለማስተካከል ጊዜ ይኖራችኋል።

ከሚኒስቴሩ ጋር በምትገናኙበት የመጀመሪያው ቀን ሪፖርት ይዘሽ አትሂጂ፤ ሁለት ዓይነት አሰላለፍ፣ የአድማስ ሒሳብሽንና ባዶ ወረቀት ይዘሽ ሂጂ። የራዳራቸውን ዝርዝር አይነግሩሽም፣ ሊነግሩሽም አይገባም። ግን «በዚህ ክልል ውስጥ የትኛውን ከፍታ ማጣት አትችሉም?» ብለሽ ብትጠይቂያቸው ይመልሱልሻል። መልሱን ከጻፍሽ በኋላ ወደ ቢሮሽ ተመልሰሽ ተርባይኖቹን እንደገና አሰልፊ። ያን ንድፍ ላኪልኝ፣ አብረን እናየዋለን።