ቅዳሜ ያየሁት ልጅ ረቡዕ የት ይሄዳል?

ጤና ይስጥልኝ፣ የአምዱ አዘጋጅ።

ሐዋሳ ውስጥ በአንድ ኮሌጅ አስተምራለሁ። ከማስተማሩ ጎን የወንዶቹን የቅርጫት ኳስ ቡድን አሰለጥናለሁ። ክፍያ የለውም፤ ስለምወደው ነው የምሠራው። ዛሬ የምጽፍልዎት ስለ አንድ ተጫዋቼ ነው። ስሙን ልተወውና «ልጁ» እያልኩ ልቀጥል።

ልጁ ሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነው። ቁመቱ መካከለኛ ነው። ኳስ እጁ ስትገባ ግን ሌላ ሰው ይሆናል። ግራ እጁ እንደ ቀኙ ይታዘዘዋል። ተከላካዩን በአንድ እርምጃ ጥሎት ይገባል። መንገድ ሲዘጉበት ደግሞ ሳያይ የሚያቀብል ይመስል ኳሷን ጥግ ለቆመው ጓደኛው ያደርሳታል። እንዲህ ያለ ተሰጥኦ በእጄ ገብቶ አያውቅም።

ችግሩ ወጥ አቋም የለውም። በቅርቡ አንድ ቅዳሜ 27 ነጥብ አስቆጠረ። መንገደኛው ሁሉ በአጥሩ ተደግፎ ያጨበጭብ ነበር። ረቡዕ ላይ ከዚያ የሚያንስ ቡድን ገጠምን፤ 4 ነጥብ! ባዶ ሌይአፕ፣ ቅርጫቱ ሥር ደርሶ የሚያስገባትን ቀላል ኳስ፣ ሳተ። ኳስ ተቀማ። ከተቀማ በኋላ ሮጦ ወደ መከላከል እንደመመለስ ወገቡን ይዞ ቆመ። በቀጣዩ ቅዳሜ ያ የማውቀው ልጅ ተመለሰ። በማግስቱ ረቡዕ ደግሞ፣ ማለቴ በተከታዩ ሳምንት ረቡዕ፣ እንደገና ጠፋብኝ።

ያልሞከርኩት የለም። ጥሩ ሲጫወት በሁሉም ፊት አመሰገንኩት፤ በሚቀጥለው ጨዋታ ወረደ። ሲወርድ ጠርቼ ተቆጣሁት፤ በሚቀጥለው ተሻሻለ። ይሄው ነገር ሲደጋገምብኝ ምስጋና ያበላሸዋል፣ ቁጣ ይሠራለታል ወደማለቱ ደርሻለሁ። ረዳቴ ደግሞ ከዚህም ያልፋል። «ሰነፍ ነው። 27 ማግባት የሚችል ሰው 4 ካገባ አልፈለገም ማለት ነው። አውጣው» ይለኛል። እሱ በልጁ ቦታ የሚያስበው ሌላ ተጫዋች አለ። ታታሪ ነው። ሁልጊዜ 7፣ 8፣ 9 ነጥብ ያመጣል። ከዚያ አይወርድም፣ ከዚያም አያልፍም።

ሌሎቹ ልጆችም ማጉረምረም ጀምረዋል። «ለእሱ ታደላለህ፤ እኛ ብናጠፋ ወዲያው ትቀይረናለህ» አሉኝ። ምን ልመልስላቸው?

በቅርቡ አዳማ ላይ ከሌሎች ኮሌጆች ጋር ውድድር አለብን። የምይዘው 12 ተጫዋች ነው። ቋሚ ተሰላፊ ላድርገው፣ ቤንች ላስቀምጠው ወይስ ልተወው? ከሁሉም በላይ የቸገረኝ እንዴት እንደምመዝነው ነው። እውነተኛው ልጅ የቱ ነው? የቅዳሜው ወይስ የረቡዑ?

ግራ የገባው አሰልጣኝ፣ ከሐዋሳ

*

ውድ ወንድሜ፣

በነፃ ለምትሠራው ሥራ ይህን ያህል መጨነቅህ ልጆቹ ጥሩ ሰው እጅ ላይ እንደወደቁ ይነግረኛል። ስለዚህ በግልጽ ላውራህ።

አንተም ረዳትህም ልጁን የምትለኩት በ27ቱ ነጥብ ነው። ያ ቅዳሜ ዕዳ ሆኖበታል። ከዚያ በታች ያለው ሁሉ ስንፍና ይባላል። ታታሪው ልጅ ግን እንዲህ ያለ ቀን ስላላሳያችሁ ምንም አይጠየቅም። 8 ሲያገባ «አስተማማኝ» ይባላል። ልጁ 12 ቢያገባ ግን «ዛሬ የለም» ትላላችሁ። ይሄ ፍርድ ልክ አይደለም። የሰው ምርጥ ቀን የሚነግርህ ምን ያህል ከፍ ሊል እንደሚችል ነው። በየጨዋታው ምን ልትጠብቅበት እንደሚገባህ አይነግርህም። ያንን ለማወቅ ያስቆጠራቸውን ነጥቦች በሙሉ ከትልቁ እስከ ትንሹ ደርድርና መሐል ላይ የምታገኘውን ቁጥር እይ። የታታሪውንም እንዲሁ አድርግ። ከዚያ በኋላ ነው ሁለቱን ማወዳደር የሚቻለው።

ነጥብ ራሱ ደግሞ ከምታስበው በላይ ይዋዥቃል። ከሦስት ነጥብ መስመር፣ ከ6.75 ሜትር፣ ከመቶ 35ቱን የሚያገባ ተጫዋች አለህ እንበል። ጥሩ ወርዋሪ ነው። በየጨዋታው 10 ጊዜ ይወርውር። ጉልበቱም ፍላጎቱም ምንም ሳይለወጥ፣ በሒሳቡ ብቻ፣ ከ12 ጨዋታ በአንዱ ገደማ ወይ አንዷን ብቻ ያገባል ወይ ጭራሽ ባዶ ይወጣል። ከ10 ጨዋታ በአንዱ ገደማ ደግሞ 6 እና ከዚያ በላይ ያገባል። በአንዱ ቀን 3 ነጥብ፣ በሌላው ቀን 18። ሰውየው ያው ነው፤ የወረወረበት እጅም ያው ነው። ተመልካቹ ግን አንዱን ቀን «አንበሳ» ሌላውን ቀን «ሰነፍ» ይለዋል።

ቁጣ ይሠራለታል ያልከውን ነገር እባክህ እንደገና አስብበት። ዳንኤል ካነማን የሚባል የሥነ ልቦና ሊቅ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2002 በኢኮኖሚክስ የኖቤል ሽልማት ያገኘ። በወጣትነቱ ለእስራኤል አየር ኃይል የበረራ አሰልጣኞች ትምህርት ይሰጥ ነበር። ከቅጣት ይልቅ ምስጋና ያስተምራል ሲላቸው አንድ ነባር አሰልጣኝ ተነሥቶ ተቃወመው። ጥሩ ያበረረውን ሳመሰግን በሚቀጥለው በረራ ይበላሻል፣ ያበላሸው ላይ ስጮህበት ግን ይሻሻላል አለው። አንተ የጻፍክልኝን ማለት ነው።

ካነማን እዚያው አንድ ሙከራ አሳያቸው። እያንዳንዱ አሰልጣኝ ጀርባውን ሰጥቶ ወደ አንድ ምልክት ሁለት ጊዜ ሳንቲም ወረወረ። ማንም አላመሰገነም፣ ማንም አልተቆጣም። በመጀመሪያው የቀናቸው አብዛኞቹ በሁለተኛው ራቁ፤ በመጀመሪያው የራቁት ደግሞ ተጠጉ። በጣም ከቀናህ ቀን ቀጥሎ የሚመጣው ቀን አብዛኛውን ጊዜ ወደተለመደው ይወርዳል። በጣም ከከፋው ቀጥሎ የሚመጣውም ወደተለመደው ይወጣል። አንተ ምስጋናህን የምትሰጠው ከ27 በኋላ ነው፤ ቁጣህን ደግሞ ከ4 በኋላ። ልጁን ከፍና ዝቅ ያደረገው ያንተ አፍ ይመስልሃል እንጂ ዝም ብትለውም ቢያንስ ከፊሉ ይሆን ነበር። ስለዚህ ምስጋናውን አትንፈገው።

ይህን ስል ሁሉም ነገር ዕድል ነው ማለቴ አይደለም። ባዶ ሌይአፕ መሳትና ወገብ ይዞ መቆም ከሦስት ነጥብ ሒሳብ ጋር አይሄድም። ከደብዳቤህ ውስጥ ዓይኔ የቀረውም እዚህ ላይ ነው። ጥሩ የሆነባቸውን ቀናት ስትጽፍ ቅዳሜ፣ ቅዳሜ ትላለህ። የጠፋባቸውን ስትጽፍ ረቡዕ፣ ረቡዕ። ልብ ብለህ የጻፍከው አልመሰለኝም።

ረቡዕ የጾም ቀን ነው። ልጁ የሚጾም ከሆነ፣ እስከ 9 ሰዓት እህል ውኃ የማይቀምስ ከሆነ፣ ከዚያም በቀጥታ ወደ ሜዳ የሚመጣ ከሆነ፣ በባዶ ሆዱ እያሰለፍከው ነው። ወገቡን ይዞ ቆመ አልከኝ። እኔ የማውቀው፣ የደከመው ሰው እንዲያ ሆኖ ነው የሚቆመው። ኩርፊያም ሊሆን ይችላል። ወይም ረቡዕ ከጠዋት እስከ ከሰዓት ላብራቶሪ ቆሞ ይውል ይሆናል። ወይም ማክሰኞ ማታ ሥራ ይሠራል፤ ራሳቸውን የሚያስተምሩ ስንት ተማሪዎች አሉ። ረዳትህ «አልፈለገም» ከማለቱ በፊት ሁላችሁም ልታውቁት የሚገባ ነገር ነው ይሄ።

ጠይቀው። በልጆቹ ፊት ሳይሆን ለብቻው፣ ከልምምድ በኋላ ሻይ ቡና እያላችሁ። «ለምን ትዘቅጣለህ?» ብለህ አትጀምር፤ አንገቱን ይደፋና ይቅርታ ብሎህ ይሄዳል። «ረቡዕ ቀንህ እንዴት ነው የሚያልፈው? ስንት ሰዓት ትነሣለህ? ምን በልተህ ትመጣለህ?» በለው። ከዚያ ዝም ብለህ አዳምጠው። ጾም ከሆነ ፍታ አትበለው፤ ያ የእሱና የንስሐ አባቱ ጉዳይ ነው። ባንተ እጅ ያለው ሌላ ነው። ማክሰኞ ማታ ደህና አድርጎ እንዲበላና ውኃ እንዲጠጣ ማሳሰብ ትችላለህ። ከተቻለ ጨዋታው ወደ 11 ሰዓት ገፋ እንዲል መጠየቅ ትችላለህ። ካልሆነም ረቡዕ ረቡዕ በአጭር በአጭሩ አጫውተው። አምስት ደቂቃ ገብቶ፣ አርፎ፣ ተመልሶ ይግባ። ቡድንህ ውስጥ ረመዳንን የሚጾሙ ልጆችም ይኖራሉ፤ ለእነሱም ያው ነው።

አሁን ወደ ሚዛኑ እንምጣ። ኳሷ መግባቷን ከመቁጠር ይልቅ የወረወራት ኳስ መወርወር የነበረባት መሆኗን ቁጠር። ነፃ ሆኖ ነው የወረወረው ወይስ ሰው ተደርቦበት? ከጎኑ ባዶ የቆመ ጓደኛ ነበረው? ጥሩ ውርወራ ስቶ ቢወጣ አትቆጣው። መጥፎ ውርወራ ገብቶለት ሰው ሲያጨበጭብም ጨዋታው ሲያልቅ ንገረው። ይሄን ከተመልካቹ መሐል ማንም አይነግረውም፤ ካንተ በቀር።

ሌላው መታየት ያለበት እሱ ሜዳ ላይ በነበረበት ሰዓት ቡድናችሁ ስንት አገባ፣ ስንትስ ገባበት የሚለው ነው። 27 ካስቆጠረ በኋላ የገጠማችሁ ቡድን ወሬው ደርሶት ሁለት ሰው መድቦበት ከሆነ እኮ አንዱ ልጅህ ባዶ ቆሟል ማለት ነው። ልጁ 4 ብቻ አግብቶ ቡድኑ ግን እሱ ባለበት ደቂቃ እየመራ ሊሆን ይችላል። ታታሪው ልጅ የሚያገባቸው 8 ነጥቦችም ከማን እጅ እንደሚመጡለት ተመልከት። ምናልባት ግማሾቹ ከዚሁ «ሰነፍ» ከምትሉት ልጅ የተቀበላቸው ናቸው። እንደዚያ ከሆነ አንዱን በሌላው መተካት ሁለቱንም ማጣት ነው።

ልጆቹ የሚያጉረመርሙት ግን እውነት አላቸው። ኳስ መቀማት በማንም ላይ ይደርሳል። ተቀምቶ አለመመለስ ግን የሚቀጣ ነገር ነው፤ ደክሞትም ቢሆን መቀየር አለበት። ስለዚህ ለሁሉም አንድ ሕግ አውጣ። ኳስ ካጣን በኋላ ሮጦ ያልተመለሰ ማንም ሰው ወዲያው ይወጣል። ቤንች ላይ ይቀመጣል፣ ይተነፍሳል፣ ከዚያ ይመለሳል። ስድብ የለም፣ ንግግር የለም። ለቡድኑ ሁሉ ቀድመህ ተናገረው፤ የመጀመሪያው ዕለት ልጁን ማውጣት ቢኖርብህ፣ ጨዋታው ነጥብ ለነጥብ ቢሆንም እንኳ፣ አውጣው። «ታደላለህ» የሚለው ወሬ ያን ቀን ያበቃል። ልጁም የሚጠየቅበትን ነገር አውቆት ይጫወታል። እስካሁን የሚጠየቀው በ27 ስለነበር በምን ሊያስደስትህ እንደሚችል አያውቅም።

ለአዳማው ውድድር ይዘኸው ሂድ። 12 ሰው ይዘህ እንዲህ ያለ ልጅ ሐዋሳ መተው ለቡድኑም አይጠቅምም። የአዳማን ነፋስ ደግሞ ታውቀዋለህ፤ የነፋስ ኃይል ማመንጫ የተተከለው ያለ ምክንያት አይደለም። ሜዳው ክፍት ከሆነ ከሩቅ መወርወር ለሁሉም ይከብዳል። ሰብሮ ገብቶ የሚያቀብል ሰው ዋጋው የሚወጣው ያኔ ነው። ቋሚ ይሁን አይሁን የሚለውን አሁን አትወስን። የጨዋታዎቹ ቀንና ሰዓት ሲደርስህ፣ ከልጁ ጋር ያወራኸውን ይዘህ፣ ለየቀኑ ወስን። አንዱን ቀን ቢጀምር፣ ሌላውን ቀን ከሁለተኛው ሩብ ቢገባ ነውር የለውም። ለእሱም ምክንያቱን አስቀድመህ ንገረው፤ ቅጣት እንዳይመስለው።

ረዳትህን በክርክር አትረታውም። በሚቀጥሉት ጨዋታዎች ሁለታችሁም ወረቀት ያዙ፤ አንዳችሁ የሌላውን ሳታዩ ሦስት ነገር ጻፉ። ጥሩና መጥፎ ውርወራ፣ ወደ መከላከል መመለስና አለመመለስ፣ እሱ ሜዳ ላይ እያለ የቡድኑ ነጥብ። ታታሪውንም በዚያው ወረቀት መዝግቡት። ከዚያ ወረቀቶቻችሁን ጎን ለጎን አስቀምጡ። የማይገጥም ነገር ካለ እሱን ሳትጨርሱ ልጁን ጠርታችሁ እንዳታናግሩት።